ሸምበቆ ከንፈር ላይ

መተማ ዮሐንስ፣ ጥቅምት ማታ። የሰሊጥ አጫጆች ራት በልተው አረፍ ሲሉ አንዱ ይነሳና ያቅራራል። ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የሱዳን ዘፈን ነፋስ ይዞት ይመጣል። ሰውየው መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቃል ይደረድራል። ቀጥሎ ጉሮሮው ላይ ጠበብ አድርጎ ወደ ላይ ይልከዋል። የስንኙን መጨረሻ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይስበውና ድንገት ይቆርጠዋል። ጭብጨባ የለ፣ ከበሮ የለ። ልኩ ትንፋሹ ነው።

ይህን በሰማሁ ቁጥር ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋት የተወለደው ጌታቸው በክራርና በማሲንቆ ጀመረ፤ ክላርኔትና ሳክስፎን ኋላ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1949 የማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያ የፖሊስ ኦርኬስትራ።

የአገራችን ዋሽንት ሁለት አፉ ክፍት የሆነ ሸምበቆ ነው፤ አራት ቀዳዳ አለው። ቴነር ሳክስፎን ከላይ ጠቦ ወደ ታች የሚሰፋ የናስ ቱቦ ነው። ድምፁ ግን የሚወለደው መንፊያው ላይ ከምትታሰር፣ ከአውራ ጣት ከማትሰፋ የሸምበቆ ስንጣሪ ነው። ሳክስፎኑም ከሸምበቆ አልራቀም።

«ሽለላ» የተባለውን ሥራውን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ባንዱ ከሥር ዝግ ያለ ምት ይዟል። ሳክስፎኑ ከምቱ ጋር አይረግጥም፤ በላዩ ያልፋል። አንድ ድምፅ ይይዛል፣ ያርገበግበዋል፣ ጫፉ ላይ ሰበር ያደርገዋል። ይህ ከንፈር ስንጣሪዋን ጫን ለቀቅ ሲያደርግ የሚመጣ ነው። ቃል የለም፤ የስንኙ ርዝመት ግን አለ።

እ.ኤ.አ. በ2004 «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ፓንክ ሮክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸው አምስተርዳም ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። ጊታሮቹ ይፍቃሉ፣ ከበሮው ይቸኩላል። እሱ ትንፋሹን አላሳጠረም። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ይደርብ ነበር፤ የፎካሪ ልብስ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በወደቁባት በመተማ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

አምና ለአንድ አጫጅ «ሽለላ»ን ስልኬ ላይ ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። መሣሪያው ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። «ቆይ መልሳት» አለኝ፤ መለስኩለት። ጣቱን አነሳ። «እቺጋ ተነፈሰ።»