የሚያስቀውና የማያስቀው

አንድ ጄኔራል ከጠረጴዛው ተነሥቶ፣ ግድግዳውን ሰንጥቆ አልፋለሁ ብሎ ሲንደረደርና ሲላተም ብታይ አትስቅምን? «ፍየሎችን ትኩር ብለው የሚያዩ ሰዎች» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም (እ.ኤ.አ. 2009) የሚጀምረው በዚህ ነው። ከምትገምቱት በላይ እውነት አለበት ብሎም ቃል ይገባል።

ቃሉ ሐሰት አይደለም። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ጦር የስለላ ክፍል አዛዥ የነበረው ጄኔራል ስታብልባይን ግድግዳ ለማለፍ ሞክሯል። የቬትናም ጦርነት ዘማች የነበረው ጂም ቻነን ደግሞ በ1979 ባዘጋጀው መመሪያ፣ ወታደር ጠላቱን ግልገል በግ ታቅፎ እንዲቀበል አስቧል። ዝግ ክፍል ተቀምጦ የሩቁን በሐሳብ «የማየት» ሙከራም እስከ 1995 ድረስ የመንግሥት ገንዘብ ሲፈስበት ኖሯል። ፍየልን በዓይን ብቻ ለመግደል መሞከሩስ? ፊልሙ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

ጆርጅ ክሉኒና ጄፍ ብሪጅስ ያስቃሉ፤ አልክድም። (ልጆችን አስቀምጠህ ግን አትክፈተው፤ ስድብና አደንዛዥ ዕፅ አለበት።)

ችግሩ ያለው ሳቁ ኢራቅ ሲደርስ ነው። ፊልሙ የተመሠረተበት የብሪታንያዊው ጋዜጠኛ የጆን ሮንሰን መጽሐፍ (2004) ቀልዱን የሚከታተለው ወዴት እንዳደረሰ ለማሳየት ነው። በ2003 አል-ቃኢም በተባለችው የኢራቅ የድንበር ከተማ፣ እስረኞች በብረት ኮንቴይነር ውስጥ ተዘግተው የአሜሪካ ሕፃናት የሚወዱት የባርኒ ዘፈን ያለማቋረጥ ይለቀቅባቸው ነበር። ጋዜጦች እንደ ቀልድ አወሩት። ያ ሰው ግን የአንዲት እናት ልጅ፣ ምናልባትም የልጆች አባት ነበር። እንቅልፍ የነሳውን ዘፈን ሰምተን የሳቅነው እኛ ምን ነካን? መጽሐፉ እዚህ ላይ ቆም ያደርግሃል።

ፊልሙ ግን አይቆምም። በካምፑ ውኃና በእንቁላሉ ላይ አደንዛዥ ዕፅ ይጨመራል፤ ወታደሮቹ ሰክረው ሲቦርቁ እስረኞቹ ይለቀቃሉ፤ ፍየሎቹም አብረው። እስረኛው ስም የለውም፣ ወዴት እንደሄደም አይነገረንም። ሰውና ፍየል በአንድ ትዕይንት ተሸኙ!

ፊልም ሠሪዎቹ ነገሩ አልገባቸውም እንዳንል፣ ባለታሪኩ ጋዜጠኛ ከዘገባው የተላለፈው የዘፈኑ ወሬ ብቻ መሆኑ ሲያበሳጨው ያሳያሉ። ይሁንና ብስጭቱ ሳይበርድ እርሱም ወደ ግድግዳ ይሮጣል። ጄኔራሉ የተላተመበትን እርሱ ያልፈዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያሳቁብንን ከንቱ እምነት መጨረሻ ላይ እውነት አደረጉት፤ የኢራቁ እስረኛም እዚያው በረሃ ቀረ።