ሶል የሚያስፈልገው እግር

እግሩን የሚያመው ሰው ወደ እኛ ክፍል ሲመጣ ብዙ ጊዜ መፍትሔውን ራሱ ወስኖ ነው የሚመጣው። «ሶል ይሠራልኝ» ይላል። ጎረቤቱ ጫማው ውስጥ ሶል አስገብቶ ድኗል፤ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ ገዝቶ ልኮለታል፤ ወይም ራጅ ተነሥቶ «ተረከዝህ ላይ አጥንት በቅሏል» ተብሏል። የጠየቀውን ሠርቶ መስጠት አይከብድም። ፎሙ አለ፣ ማሞቂያው አለ፣ ጄሶው አለ። ከባዱ ከዚያ በፊት ያለው ውሳኔ ነው፤ ይህ እግር ሶል ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም? አሰላ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ስሠራ በቆየሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር ይበልጥ እየታየኝ መጥቷል። ሶል አጥብቀው ከሚጠይቁን ሰዎች ብዙዎቹ ያለ ሶልም ይድናሉ። ሶል የግድ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ አይመጡም፤ እግራቸው አያማቸውማ።

የሶል ሥራ አንድ ነው፤ የሰውነት ክብደት እግር ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ይቀይራል። ከአንዱ ቦታ ያነሣና ለሌላው ያካፍላል። ጡንቻ አያጠነክርም፣ የወረደ ቅስት መልሶ አያቆምም፣ አጥንት አያቃናም። ስለዚህ «የት ነው የሚያምዎት?» ከማለት አልፌ፣ ጫናው ከዚያ ቦታ ቢነሣ ሕመሙ ይቀንሳል ወይ የሚለውን ማወቅ አለብኝ። ይህን ደግሞ ሶሉ ሳይሠራ መሞከር ይቻላል።

ገበያ ላይ ሽንኩርትና ድንች የሚሸጡ አንዲት እናት መጥተው ነበር። «ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዋ እርምጃ ሚስማር እንደ መርገጥ ናት። ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል፤ ቆሜ ውዬ ማታ ይመለሳል» አሉ። ይህን የሰማ የሙያው ሰው ምርመራውን ግማሽ አድርሶታል። አውራ ጣቴን ከተረከዛቸው ሥር፣ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ውስጥና ወደ ፊት አሳርፌ ስጫን እግራቸውን ነጠቁኝ። የእግራቸውን አውራ ጣት ወደ ላይ ቀና ሳደርገው ከተረከዝ እስከ ጣቶች የሚዘረጋው ጠንካራ ጅማት ተወጥሮ በቆዳው ሥር ታየ። ሂክስ የተባለ ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ አውራ ጣት በተነሣ ቁጥር ይህ ጅማት እየተሳበ የእግርን ቅስት ከፍ ያደርገዋል። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚሆነው ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ በሳሳ ነጠላ ጫማ ድንጋይ ላይ ለሚቆም ሰው ደግሞ ጅማቱ ዕረፍት የለውም።

ሶል አልሠራሁላቸውም። ከወፍራም ስፖንጅ ቁራጭ አንሥቼ ከቅስታቸው ሥር አደረግኩና በሰፊ ፕላስተር አሰርኩት። «እትዬ፣ እስቲ እስከ በሩ ደርሰው ይመለሱ» አልኳቸው። ሄደው ተመለሱ፤ ሳልጠይቃቸው እንደገና ሄዱ። «ኧረ ቀለለኝ!» አሉ። እግሩ መልሱን የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ስፖንጁ ምንም ካልለወጠ፣ ወይም ሕመሙን ካባሰው፣ ውድ ሶልም የተለየ ነገር ያመጣል ብዬ አልጠብቅም፤ የሕመሙን ምክንያት ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ።

ቀለላቸው ማለት ግን በጄሶ ተለክቶ የሚሠራ ሶል ያስፈልጋቸዋል ማለት አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ተደርጎ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዲህ ያለ የተረከዝ ሕመም የነበረባቸውን 135 ሰዎች በሦስት ቡድን ከፍሎ ተከታትሏል። ለአንዱ ቡድን ለይስሙላ የተዘጋጀ ስስ ፎም፣ ለሁለተኛው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሶል፣ ለሦስተኛው በእግሩ ልክ የተቀረጸ ሶል ተሰጠ። በ3 ወር እውነተኛ ሶል ያገኙት እንቅስቃሴያቸው መጠነኛ መሻሻል አሳየ። በ12 ወር በሦስቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ተለክቶ የተሠራውም ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው አልበለጠም። ይህን እያወቅኩ የሽንኩርት ነጋዴዋን የብዙ ቀን ገቢ በጄሶ ሥራ ላይ ላስወጣቸው አልፈልግም። መጀመሪያ ጫማው ይቀየር። ሳልባጅ ተራ ውስጥ ተረከዙ ወፈር ያለ፣ ከኋላው ጠንከር ብሎ እግርን የሚይዝ ጫማ ይገኛል። ውስጡ የሚገባው ሶል ርካሽ ቢሆንም ይበቃል።

እውነተኛውን ሥራ የሚሠራው ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ነው። ዴንማርክ ውስጥ በ48 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የተጠቀመበት ዘዴ እንኳን አሰላ፣ ገጠር ቤት ውስጥም ይሠራል። ፎጣ ተጠቅልሎ ከጣቶች ሥር ይደረጋል፤ ደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር ተቁሞ ተረከዝ በ3 ሰከንድ ወደ ላይ ይነሣል፣ 2 ሰከንድ ይቆያል፣ በ3 ሰከንድ ይወርዳል። ቀን እየዘለሉ ነው የሚሠራው። በ3 ወር ውጤቱ ጅማቱን ብቻ ሲለጥጡ ከነበሩት የተሻለ ሆኗል። ራጅ ላይ ስለታየችው «የበቀለች አጥንት» የሚጨነቅ ሰው ቢኖር፣ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ተረከዝ ላይም እንደምትገኝ ይወቅ። እኔ የማክመው ሕመሙን እንጂ ፎቶውን አይደለም።

ሯጮች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ከአሰላ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉ፣ ጥሩነሽ ዲባባና ቀነኒሳ በቀለ በወጡበት አገር ልጆች በሌሊት ተነሥተው ይሮጣሉ፤ እግራቸውን ሲያማቸውም የሚያስቡት ጫማውንና ሶሉን ነው። እኔ የምጠይቃቸው ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ልምምድ ነው። ከባት ወደ ተረከዝ የሚወርደው የአኪለስ ጅማት የሚታመመው አብዛኛውን ጊዜ ሩጫው በድንገት ስለ ጨመረ ነው። ተረከዝን ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ሶል ለጊዜው ጅማቱን ያሳርፋል፤ ሩጫው ካልተቀነሰ ግን ማዘግየት ብቻ ነው። ኃይሌ ራሱ በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም አኪለሱ የታመመ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አጥንቱን ስጫነው የሚጮህ፣ ሌሊት የሚያመው፣ በሮጠ ቁጥር የሚብስበት ልጅ ከመጣ ደግሞ ስለ ሶል መነጋገር የለብንም። አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው ያን ዕለት ይቁም።

ስለ ልጆች ጠፍጣፋ እግር የሚጨነቁ እናቶችም ይመጣሉ። ልጁን በጣቶቹ እንዲቆም አደርገዋለሁ። ቅስቱ ከታየ፣ ሕመምም ከሌለው፣ ወደ ቤቱ። ሕንድ ውስጥ ከ4 እስከ 13 ዓመት በሆናቸው 2,300 ልጆች ላይ በተደረገና በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ጠፍጣፋ እግር ጫማ ከሚያደርጉት 8.6 በመቶ፣ ከማያደርጉት 2.8 በመቶ ላይ ነው የተገኘው። ግቢው ንጹሕ ከሆነ በባዶ እግሩ ይጫወት።

ጠፍጣፋ እግር ካላቸው ልጆች በቀር፣ እስካሁን ያልኳቸው ሁሉ ያማቸዋል። ሕመም ጠባቂ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ያመጣል፣ ጫማ ያስቀይራል፣ ያስነክሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ጠባቂ የሌለው እግር ነው።

አንድ የገብስ ገበሬ ስኳራቸውን ለመከታተል ከልጃቸው ጋር መጥተው፣ ትከሻቸውን ስላመማቸው ወደ እኔ ተላኩ። ካልሲያቸውን እንዲያወልቁ ስጠይቅ ልጁ ገረመው። ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ እግር መሬት ከሚጫንበት ቦታ ላይ፣ ጠቆር ያለ የደረቀ ቆዳ ነበር፤ ጠርዙ ረጥቧል። ስሜት መኖሩን የምንፈትንበትን ናይለን ክር፣ ሲጎብጥ 10 ግራም የሚጫነውን፣ አነካኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው «ነካሁዎት?» ስላቸው ዝም። «አባባ፣ ይህ ቁስል መቼ ወጣ?» «አያመኝም እኮ ልጄ» አሉኝ። ቦት ጫማቸውን ገልብጬ ሳራግፈው ጠጠር ወደቀ። ቀኑን ሙሉ ረግጠውት ውለዋል።

እንዲህ ስኳር ስሜቱን ላጠፋበት እግር ሶል ምቾት አይደለም፤ እግሩን ከመቆረጥ የሚያድን ነገር ነው። ቁስሉ ክፍት ሳለ ሶል አይበቃም፤ ቁስሉ ይታጠባል፣ ይታከማል፣ ያ ቦታ ጫና እንዳይነካው ይደረጋል። ሶሉ የሚመጣው ከዳነ በኋላ፣ ተመልሶ እንዳይፈነዳ ነው። ይህን ሥራ ያስተማረን የሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ማዕከል አለርትም ሆነ፣ ምዕራብ አርሲ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ የጀመረው የጋምቦ ሆስፒታል ካከሟቸው ብዙዎቹ፣ ስሜት ያጣ እግር ይዘው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ የሚሠራው ሶል ከላይ ለስላሳ ማይክሮሴሉላር ጎማ፣ ከሥሩ ጠንከር ያለ ሆኖ፣ የውስጥ እግርን ሁሉ እንዲነካ ይቀረጻል። አንድ ቦታ ብቻ ከተሸከመ ያ ቦታ ይቆስላል። ጫማ ሰፊው ሚስማር እንዳይጠቀምም እንነግረዋለን፤ በሙጫና በስፌት ይያያዝ። ሚስማሩ ሲሾልክ ባለቤቱ አይሰማውም።

አርሲ ብርድ ነው፤ በክረምት ደግሞ ጭቃ። ሶሉ ተነቃይ እንዲሆን የምፈልገው ለዚህ ነው፤ ማታ ወጥቶ ይንጠፍጠፍ። እሳት ዳር ግን አይቀመጥ፤ እግሩም እንደዚያው። ስሜት የሌለው እግር ምድጃ አጠገብ እየሞቀ መቃጠሉን የሚያውቀው ጠዋት ቆዳው ተልጦ ሲያይ ነው። ፎሙም ዘላለም አይቆይም። ከተረከዙና ከአውራ ጣቱ ሥር ያለውን በጣት ሲጫኑት ካልተመለሰ ሶሉ አልቋል። ለገበሬው ልጅ ያሳየሁት ይህንን ነው፤ ከዚያ ሌላ ጠዋት ጫማ ከመደረጉ በፊት እጅ ውስጡ ይግባ፣ ማታ የአባቱን እግር በመብራት ይመልከት።

በየጤና ጣቢያው የስኳር ክትትል የሚሠሩ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የስኳር መጠናቸው ከመለካቱ በፊት ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ጫማና ካልሲያቸውን አውልቀው ይቀመጡ። ክሩ ርካሽ ነው፤ አንዱን እግር ለማየት የሚፈጀው ጊዜም ጥቂት ነው። የደረቀ ቆዳ፣ ቁስል፣ ወይም «ነካሁዎት?» ሲባል ዝም የሚል እግር ካገኛችሁ ወደ እኛ ላኩት፤ ሕመምተኛው ሶል እስኪጠይቅ አትጠብቁ።