የ12ኛ ክፍል ነጥብና የኰሌጅ በር፤ ከሶማሌ ተራ የታየ አጭር ትችት

በተማሪዎች መካከል በየጊዜው ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነጥብ ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ይህን ያህል ሊቈጠር ይገባዋልን? የሚለው ነው። አንዱ ወገን «ፈተናው የሸመደደውን ከተረዳው አይለይም፤ ይቅር» ይላል። ሌላው ደግሞ «50 ከመቶ ያላመጣ ሰው ኰሌጅ ገብቶ ምን ይሠራል?» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ነጥቡን ራሱን አልመረመሩትም።

አስቀድመን ነጥቡ ምን ሥራ ሲሠራ እንደ ኖረ እንመልከት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛንና 12ኛን ክፍል መሰናዶ አደረጋቸው። በዩኒቨርሲቲ በአንደኛ ዓመት ይሰጥ የነበረው ትምህርት ወደዚያ ወረደ፤ አራት ዓመት ይፈጅ የነበረው ብዙው የመጀመሪያ ዲግሪም በሦስት ዓመት ይጠናቀቅ ጀመር። ይህ አሜሪካኖች ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ካዋሉት የላቀ ደረጃ ፈተና ጋር በአሳብ ይቀራረባል፤ በዚያ አገር መልካም ነጥብ ያመጣ ተማሪ በብዙ ኰሌጆች የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ ይታለፍለታልና። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በእነርሱ ዘንድ የሚፈተነው የፈለገና ትምህርት ቤቱ የቻለለት ሲሆን፥ በእኛ ዘንድ መምህር ያለውም የሌለውም ሁሉ ነበረ። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ይኸውም የመሰናዶው ነጥብ የዩኒቨርሲቲን አንድ ዓመት ይተካል የሚለው እምነት በመንግሥት በራሱ ተተወ ማለት ነው።

ሁለተኛው የነጥቡ ሥራ ማከፋፈል ነበር። የመግቢያው ቍጥር በየዓመቱ እንደ ዩኒቨርሲቲዎች የመቀበል አቅም ከፍና ዝቅ ይል ነበር እንጂ ስለ ተማሪው ብቃት የሚናገረው እምብዛም አልነበረም። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ግን 50 ከመቶ የማይነቃነቅ መስመር ሆነ። ኵረጃን ለመከላከል ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠበት በዚያው ዙር ከ896,520 ተፈታኞች መስመሩን ያለፉት 29,909 ወይም ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. ያለፉት ከመቶ 5.4 ነበሩ። እንግዲህ አንድ ትምህርት ቤት ካስፈተናቸው ሁሉ አንድም ሰው ካላለፈ፥ የወደቀው ተማሪው ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ? ነጥቡ ሁለቱን አይለያቸውም።

ለምሳሌ የምናውቀውን ሠፈር እንውሰድ። በመርካቶ፥ በሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ መደብሮች መካከል የሚያድግ ልጅ ከክፍል ሲወጣ ደብተሩን ከባንኮኒው ሥር ያኖርና እስከ ማታ ኩሽኔታ ያጥባል፤ ፍሪሲዮን ይሸከማል፤ የትኛው ካምቢዮ ለየትኛው ቶዮታ እንደሚሆን በዓይኑ ይለያል። (ካምቢዮ መለየት ፊዚክስ ማወቅ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን፤ አይደለም። የፈተናው ጥያቄ ስለ ፍጥነትና ኃይል ሲጠይቀው ያ ልጅ ያለ መምህር ይቸገራል።) በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን እኛ ቤተ መጻሕፍት ማታ ይከፈትልን ነበር፤ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪም ነበረን። እኛ 60፥ እርሱ 48 ብናመጣ፥ ከሁለታችን ማን የበለጠ እንደ ደከመ ወረቀቱ አይናገርም። ከዚህም በላይ 48ና 51 ያመጡ ሁለት ተማሪዎች በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ጥያቄ ቢፈተኑ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ማናቸውም ፈተና ይህን ያህል ስሕተት በውስጡ አለ።

ስለዚህ ፈተናው ይቅር ማለታችን ነውን? ከቶ አይደለም። ፈተናው ቢቀር በምትኩ የሚመጣው የትምህርት ቤት ማርክና የቃል ጥያቄ ነው። ማርክ በየትምህርት ቤቱ በልግስና እንደሚታደል ሁላችን እናውቃለን፤ በክፍል ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡ ልጆች በብሔራዊው ፈተና 30 ሲያመጡ አይተናል። በቃል ጥያቄም ቢሆን የሚያሸንፈው እንግሊዝኛውን ከቤቱ ይዞ የመጣና ዘመድ ያለው ነው። የሶማሌ ተራው ልጅ የአባቱ ስም ሳይጠየቅ በቍጥር ብቻ ከትልቅ ሰው ልጅ ጋር የሚሰለፍበት ቦታ ያ ፈተና ነው። እርግጥ ነው፥ ሰልፉ ተሰብሮ ያውቃል፤ በግንቦት 2008 ዓ.ም. ጥያቄው አስቀድሞ በመሰራጨቱ ፈተናው ተሰርዞ ነበር። ይሁን እንጂ የተሰበረን ሰልፍ ማስተካከል ይሻላል እንጂ ሰልፉን ማፍረስ የሚጠቅመው ጕልበተኛውን ነው።

የእኛ ተቃውሞ ነጥቡ ብቻውን መነበቡ ላይ ነው። በሶማሌ ተራ ያገለገለ ኩሽኔታ የሚገዛ ሰው በእጁ አሽከርክሮ ድምፁን ይሰማል፤ ወዲያው ደግሞ «ከየትኛው መኪና ወረደ?» ብሎ ይጠይቃል። የመግቢያ ጽሕፈት ቤቶቻችን ይህን ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቁም። የአሜሪካዋ የቴክሳስ ግዛት በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በውጤታቸው ከላይ ያሉት ከመቶ 10 የሚሆኑ ተማሪዎች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲገቡ ፈቅዳለች። እንዳለ ይቀዳ አንልም። እነርሱ የሚያወዳድሩት በትምህርት ቤቱ ማርክ ነው፤ የእኛ ማርክ ግን አይታመንም። ነገር ግን የብሔራዊውን ፈተና ነጥብ ይዞ ተማሪውን ከገዛ ትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር ማስተያየት ይቻላል። ማንም ባላለፈበት ትምህርት ቤት 47 ያመጣ ልጅ፥ ግማሹ ባለፈበት ትምህርት ቤት 51 ካመጣው ያነሰ ነው ብሎ ለመፍረድ ምን ማስረጃ አለን?

መንግሥት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከመስመሩ በታች ላሉት የከፈተው የማካካሻ ትምህርት (ሪሚዲያል የሚባለው) በዚህ በኩል ጠቃሚ ነው፤ 50 ያላመጣ ሁሉ አይችልም የሚለውን አሳብ ለመፈተን መንገድ ይሰጣልና። እስከ አሁን ግን ክርክራችን የሚካሄደው በግምት ነው። በማካካሻው በኩል የገቡትና በቀጥታ የገቡት ተማሪዎች የሁለተኛ ዓመት ውጤት በሬጅስትራር መዝገብ ጐን ለጐን ተጽፎ ይገኛል። ስማቸው ተሸፍኖ የመጡበት ትምህርት ቤት ብቻ ቢገለጥልን፥ በሚቀጥለው ዓመት ይህን ስሌት ለመሥራት የምንፈልግ ተማሪዎች አለን፤ ከስታትስቲክስ ክፍል መምህራን አንዱ ሥራውን ቢመራልን እንለምናለን።