ድምፃዊው ሲወጣ፦ የጂጂ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በምሥራቅ ጎጃም ጆሮ

እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የተሰየመውን አልበም በፓልም ፒክቸርስ በኩል ስታወጣ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ አጅበዋታል። ስለዚያ አልበም ብዙ ተብሏል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ግን ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ያንኑ ቅጂ በትኖ በ2003 እንደገና ባቀናበረው «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ላይ ነው። ድባቡ የከበደ፣ ክረምት ክረምት የሚል ሥራ ነው።

የላስዌል መንገድ አዲስ አልነበረም። በ1997 የቦብ ማርሌን፣ በ1998 የማይልስ ዴቪስን ቅጂዎች በዚሁ መልክ አቀናብሯል። ሥሩ ኪንግ ተቢና ሊ ፔሪ በ1970ዎቹ ጃማይካ ውስጥ ያዳበሩት ደብ ነው፤ ድምፃዊውን ከቅጂው አውጥቶ ባስና ከበሮን ማስቀረት፣ የተረፈውንም በማስተጋባት ማራቅ። በዚህ አልበም ጂጂ ዘፋኝነቷ ቀርቶ ከሩቅ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ድምፅ ትሆናለች። ስንኙ ይጀመራል፤ ቤት ሳይመታ ባሱ ሥር ይሰምጣል።

አልበሙን የጁቤ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ሆኖ ለሚያደምጥ ሰው ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል፦ ድምፁ ከወጣ ምን ይቀራል? ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት፤ ዜማን በልጅነቷ ከቄስ ተምራለች። ያ ዜማ ደግሞ ቻግኒንና ቢቸና አጠገብ ያለውን ዲማ ጊዮርጊስን የሚያገናኝ የጋራ ሀብት ነው። በማሕሌት ቁም ዜማው ያለ መሣሪያ፣ በጉሮሮ ብቻ ይባላል። ቀጥሎ መቋሚያው በዝማሜ ወዲያና ወዲህ ይላል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት ይፈጥናሉ። ከበሮ የሚመታው ድምፁ ከጸና በኋላ ነው። ላስዌል ሥርዓቱን ገልብጦ ከበሮውን አቆየ፤ ድምፁን አሰናበተ።

ግልበጣው ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ከዜማ ምልክቶቻችን አንዱ ርክርክ ነው፤ ድምፅን እየቆራረጡና እያርገበገቡ ማውረድ። የጂጂ ጉሮሮ ይህ ጠባይ አለው። ያቺ እርግብግቢት ለብቻዋ ተቆርጣ በማስተጋቢያው ስታልፍ የጉሮሮው ንዝረትና የመሣሪያው ድግግሞሽ ይደራረባሉ፤ የሰው የትኛው፣ የማሽን የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ለእኔ የአልበሙ ከፍታ ይህ ነው። ድባቡ በስቱዲዮ የተለጠፈ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ከራሱ ከድምፁ የፈለቀ ይመስላል። ድምፁ ጨርሶ ጠፍቶ ባሱ ብቻውን ረዥም መንገድ ሲሄድ ግን ሥራው ይደርቃል፤ የየትኛውም አገር ሙዚቃ ሊሆን ይችላል።

የከፋው ጉዳት የደረሰው በቃሉ ላይ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዘፈኑም ከቅኔው የራቀ አይደለም። በጠጅ ቤት አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲያቀብል አዝማሪው ያንኑ ደጋግሞ ያዜማል፤ ማሲንቆውን ይገዘግዛል፤ ታዳሚው ወርቁን የያዘው ስንኝ እስኪመጣ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። የእኛ ድባብ የሚሠራው በዚያ ጥበቃ ውስጥ ነው። «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ጥበቃውን ሰጥቶን ስንኙን ይነፍገናል። በ2001ዱ አልበም ያለውን «ዓባይ» ያስቡ። ጎጃምን በሦስት አቅጣጫ የከበበው ወንዝ፣ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን ለሚወጣ መንገደኛ፣ በረሃና ገደል ብቻ አይደለም፤ ውዳሴም ቁጭትም አለበት። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ቃሉ ነው። ቃሉ ከወጣ በማስተጋባቱ ውስጥ የምንሰማው ውሃ ብቻ ይሆናል።

ላስዌል በ2012 የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ፕሮዲውስ ሲያደርግ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄዷል። የሮክ ጊታሩ ይጮኻል፤ አራቱ ድምፃውያን ግን ከፊት ናቸው፤ ቃላቸውም ይሰማል። ጉልበቱን አከብራለሁ። ሆኖም ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ ስለሚናገር ጆሮ የሚያርፍበት ክፍት ቦታ ያንሳል፤ ድባብ ደግሞ ያለዚያ ቦታ አይሰፍንም። ጂጂ ከዚያ በፊት፣ በ2006፣ ከዚሁ ፕሮዲውሰር ጋር ባወጣችው «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» የኤሌክትሮኒክሱን ድምፅ ሳትተው ወደ ሙሉ ስንኝ ተመልሳ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱን ማስታረቅ እንደሚቻል አሳይታለች። «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» የጀመረውን ሙከራ የሚቀጥል የእኛ አቀናባሪ ቢነሣ፣ በባሱ ፋንታ ከቁም ዜማው ቢጀምር እመርጣለሁ።