የጆሮ ሥዕልና የጆሮ አፈጣጠር፤ በሥነ ሕይወት ትምህርት አቀራረብ ላይ የቀረበ ሂስ

በሥነ ሕይወት ትምህርት ስለ ጆሮ የሚሰጠው ገለጻ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የታወቀ ሥዕል ላይ የተመሠረተ ነው። ሥዕሉ ጆሮን ውጫዊ፣ መካከለኛና ውስጣዊ ብሎ በሦስት ይከፍልና ድምፅ ከቀዳዳው ተነሥቶ እስከ ነርቭ የሚጓዝበትን መንገድ ያሳያል። አሠራሩን ለማስረዳት ይህ አቀራረብ በቂ ነው። ጉድለቱ ጆሮን ተሠርቶ ያለቀ አንድ መሣሪያ አስመስሎ ማቅረቡ ነው። ሦስቱ ክፍሎች ከየት እንደ መጡ ያልተነገረው ተማሪ የውጪው መልክ ለውስጡ ምስክር ነው የሚል ግምት ይዞ ይቀራል። ይኸው ተማሪ ነገ መምህር ወይም ወላጅ ሲሆን ግምቱ ሕፃናትን ይጎዳል።

የፅንስ ጥናት የሚያስረዳው ከዚህ የተለየ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መሠራት የሚጀምረው በሥዕሉ መጨረሻ ላይ የሚታየው ውስጣዊ ጆሮ ነው። በ4ኛው ሳምንት ገደማ በፅንሱ ራስ ግራና ቀኝ ያለው የላይኛው ሽፋን ይወፍርና ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ትንሽ ከረጢት ይሆናል። የሚዛን ቧንቧዎችና ቀንድ አውጣ የሚመስለው የመስሚያ ቱቦ የሚወጡት ከዚህ ከረጢት ነው። መዶሻና መስፍ የተባሉት የመካከለኛው ጆሮ አጥንቶች ግን በፅንሱ አንገት አካባቢ ከሚገኘው ከመጀመሪያው ቅስት፣ እርካቡም በአብዛኛው ከሁለተኛው ቅስት ይገኛሉ። በዓይን የሚታየው ጆሮ ደግሞ በ6ኛው ሳምንት ገደማ በነዚሁ ሁለት ቅስቶች ላይ ከሚነሡ 6 ጉብታዎች ተገጣጥሞ፣ ከአንገት ወደ ላይ ከፍ እያለ ስፍራውን ይይዛል።

ምንጫቸው የተለያየ እንደ መሆኑ ጉድለታቸውም ይለያያል። የውጪ ጆሮው አንሶና ቀዳዳው ተደፍኖ የተወለደ ሕፃን ውስጣዊ ጆሮው ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው። ድምፁ የሚታገደው በመንገድ ላይ ስለሆነ በአጥንት በኩል ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሊረዳው ይችላል። ለተቃራኒው ሁኔታ ካርሎ ሞንዲኒ እ.ኤ.አ. በ1791 በቦሎኛ ያቀረበው ጥናት ማስረጃ ነው። ከልደቱ ጀምሮ የማይሰማ የ8 ዓመት ልጅ ከሞተ በኋላ ጆሮው ሲመረመር፣ 2 ተኩል ጊዜ መጠምጠም የነበረበት የመስሚያ ቱቦ 1 ተኩል ጊዜ ብቻ ተጠምጥሞ ተገኘ። ይህ አጥንት ሳይከፈት በውጪ የሚታይ ጉድለት አልነበረም።

መንስኤውም በመልክ አይታወቅም። አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ እ.ኤ.አ. በ1941 በእርግዝና መጀመሪያ በሩቤላ ከታመሙ እናቶች የዓይን ሞራ ያለባቸው ሕፃናት መወለዳቸውን ገለጸ። ብዙ ሳይቆይ ይኸው በሽታ መስማትንም እንደሚያሳጣ ታወቀ። በዘር የሚተላለፈውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ራሳቸው ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ስለሆነም እናትን መውቀስም ሆነ ነገሩን ከእርግማን መቁጠር መሠረት የለውም።

የፅንስ ጥናት ለተማሪዎች ይከብዳል የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም የቅስቶቹን ዝርዝር ማስጠናት አስፈላጊ አይደለም። ውስጣዊው ጆሮ ከሌሎቹ ተለይቶ እንደሚፈጠር፣ የአንዱ ጉድለት የሌላውን እንደማያረጋግጥና መስማት የሚታወቀው በምርመራ እንደሆነ መግለጽ ይበቃል። ይህ በሥዕሉ ግርጌ በጥቂት መስመሮች ሊሰፍር የሚችል ነው።

ይህ ዕውቀት ሲጓደል ሁለት ሕፃናት ይበደላሉ። ጆሮው ያነሰው መማር አይችልም ተብሎ ወደ ኋላ ይገፋል። መልከ መልካም ጆሮ ያለው ሌላው ደግሞ ሲጠሩት ባለመመለሱ እልኸኛ ወይም ሰነፍ ተብሎ ይቀጣል፤ ቋንቋ የሚለምድባቸው ዓመታትም በከንቱ ያልፉበታል። መምህሩ ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅም። የሚጠበቅበት በመልክ ከመፍረድ ተቆጥቦ ሕፃኑን ለምርመራ በጊዜ መላክ ነው። ያለቀውን ጆሮ ብቻ የሚያሳየው ሥዕል ለዚህ አያዘጋጀውም።