ቤተ መጻሕፍቶቻችን ሆይ! በዚህ ወር ምን ገባ?



እስቲ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ እናንሳ። አትላስ አካባቢ የሚኖር አንባቢ በዚህ ወር ምን አዲስ መጽሐፍ እንደወጣ ማወቅ ቢፈልግ ማንን ይጠይቃል? መልሱ ለሁላችንም የተሰወረ አይደለም። አዟሪውን ነው! ከወገቡ እስከ አገጩ የተደረደረ መጽሐፍ በክንዱ ታቅፎ፣ ከአትላስ እስከ ኡራኤል፣ ከኡራኤል እስከ ሃያ ሁለት ከካፌ ካፌ የሚዞረውን ወጣት። ይህ ልጅ የሚያውቀው የመጽሐፉን ርዕስ ብቻ አይደለም። ደራሲው ከዚህ በፊት ምን እንደጻፈ፣ የያዘው ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ የትኛው ከገበያ እንደጠፋና የትኛው እንደገና እንደታተመ ይነግራችኋል። ትናንት ታሪክ የገዛውን ደንበኛውን ለይቶ ያስታውሳል፤ ዛሬ ሲመጣ ታሪክ ይዞለት ይመጣል። በሙስሊሙ በኩልም በጁሙዓ ቀን መስጊድ በር ላይ ሸራ ዘርግቶ ኪታብ የሚሸጠው ወንድማችን ይህንኑ ያደርጋል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆመው የሚሠሩት እነዚህ ናቸው።

ታዲያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቶቻችን በዚህ ረገድ የት አሉ?

ከአትላስ ተነስቶ በኡራኤል፣ በካዛንቺስ አድርጎ አራት ኪሎ የሚደርስ ሰው ከፓርላማው ትይዩ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ያገኛል። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት ተነግሯል። በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያስተናግዳል። ሐቁን እንናገርና፣ ይህ ቤት መሠራቱ ሊያስደስተን ይገባል። በአንድ ክፍል ቤት ከአምስት ወንድምና እህቱ ጋር የሚያድር፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ የሚያጠና ተማሪ ጸጥ ያለ ጠረጴዛና ብርሃን ማግኘቱ ቀላል ኒዕማ አይደለም። ይህን ለማናናቅ የሚሞክር ሰው ቢኖር የራሱ ልጅ የራሱ ክፍል ያለው መሆን አለበት።

ይሁንና ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለን እንይ። በከተማችን የንባብ አዳራሾች ውስጥ አብዛኛው ተገልጋይ ከፊቱ የዘረጋው ከመደርደሪያ ያወረደውን መጽሐፍ ነውን? ብዙ ጊዜ የምናየው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ደብተር፣ የፈተና መለማመጃ ወይም ላፕቶፕ ነው። የፈለገውም ወንበሩን፣ መብራቱንና ኢንተርኔቱን ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ ግን ስሙን በትክክል መጥራት ይኖርብናል። ይህ የጥናት አዳራሽ ነው። ቤተ መጻሕፍት የሚባለው፣ ሰው ያላሰበውን መጽሐፍ አግኝቶ የሚወጣበት ቤት ነው። ይህ እንዲሆን ደግሞ አንባቢው ምን እንዳለ፣ በተለይም ምን አዲስ እንደገባ ሊነገረው ይገባል። ስለ ትላልቅ ቤተ መጻሕፍቶቻችን ወደ ጆሮአችን የሚደርሰው ዜና ግን ምን ዓይነት ነው? የምረቃ፣ የጉብኝት፣ የዓውደ ርዕይ፣ የመጽሐፍ ርክክብ። አስረካቢው ይጠቀሳል፣ የመጻሕፍቱ ብዛት በቁጥር ይነገራል፣ ፎቶ ይነሳል። ከተረከቡት ውስጥ የሦስቱን እንኳ ርዕስ የሚነግረን ዜና ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው!

ስለ ስጦታው ነገር ትንሽ እንቆይ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛልና። አብርሆት ሲከፈት ሕዝቡ መጽሐፍ እንዲለግስ ጥሪ ተደርጎ ብዙዎች ለግሰዋል፤ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን ሰው በአብዛኛው የሚለግሰው ያነበበውንና ከእንግዲህ የማይፈልገውን ነው። ያረጀ የኮምፒዩተር መማሪያ፣ ከውጭ በኮንቴይነር የመጣ የሌላ አገር የትምህርት መጽሐፍ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የተደገመ ልብ ወለድ መደርደሪያ ይሞላል፣ ቁጥር ያሳምራል። መጽሐፍ መምረጥና መግዛት ግን ሌላ ሙያ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህን ዓመት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ምን ታተመ? ከዚህ ውስጥ ለአንባቢዬ የሚጠቅመው የትኛው ነው? ስንት ቅጂ ያስፈልገኛል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህንን ጥያቄ አዟሪው በየማለዳው ይጠይቃል፤ ካልጠየቀ እራቱን አይበላማ!

ጉዳዩ እንዲሁ የቅንጦት ጉዳይ እንዳይመስለን። ወረቀት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ዋጋው በናረ ቁጥር የመጽሐፉም ዋጋ ይንራል። ዛሬ አንድ መካከለኛ የአማርኛ መጽሐፍ በመቶዎች በሚቆጠር ብር ነው የሚሸጠው። በወር አንድ መጽሐፍ መግዛት ለደመወዝተኛው አባወራ የዘይትና የጤፍ ሒሳብ ውስጥ መግባት ማለት ነው። ቀድሞ አራት ኪሎ ላይ በሳንቲም ጋዜጣ ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ የሚመልስ ትውልድ ነበረ። በየሰፈሩ ልብ ወለድ የሚያከራዩ ሱቆችም ነበሩ። ፒያሳ የነበረው የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት አባል ለሆነ ሰው መጽሐፍ ያውስ ነበር። አሁን ግን ቤቱ ወስዶ፣ ከዒሻ በኋላ ልጆቹ ሲተኙ ጥቂት ገጽ አንብቦ፣ በሁለት ሳምንት ለመመለስ የሚፈልግ ሠራተኛ ወዴት ይሂድ? ቀን ቀን ሥራ ላይ የሚውል ሰው የንባብ አዳራሹ ቢያምርም ባያምርም አይጠቀምበትም።

አንጋፋው ወመዘክር የተለየ ነገር ነው። በ1936 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ቤት ሁለት ሥራ አለበት፤ ማስነበብና የአገሪቱን ኅትመት መጠበቅ። በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 179 መሠረት አገር ውስጥ የሚታተም ጽሑፍ ቅጂው ወደዚያ ገቢ መደረግ አለበት። በ2000ዎቹ ዓመታት ሚዩዚክ ሜይዴይ በአዳራሹ ያካሂደው የነበረውን የእሁድ ከሰዓት የመጽሐፍ ውይይት ብዙዎች ያስታውሱታል። ርዕሱና የመነሻ ሐሳብ አቅራቢው አስቀድሞ በጋዜጣ ይገለጽ ነበር፤ ሰው መጽሐፉን አንብቦ ይመጣ ነበር። ይህ በጣም ርካሽ ነገር ነው፤ የሚያስፈልገው አዳራሽ፣ ወንበርና አንድ አንቀጽ ማስታወቂያ ነው። ቢሊዮን ብር አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ግን ጣታችንን ወደ ሌላው ብቻ ቀስረን መቅረት የለብንም። የ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ የሙስሊሙ ኅትመት እንደ ክረምት ሣር በቅሎ ነበር። ቢላል፣ ሂጅራ፣ ቁድስ፣ ሰለፊያ፤ ከእነርሱም ጋር በየወሩ የሚወጡ ትናንሽ የትርጉም መጻሕፍት። ሟቹ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ከ1983 እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ የታየውን ይህን መነቃቃት አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በፓሪስ በሚታተም አንድ የጥናት መጽሔት ላይ አወጡት። አስቡት! እኛ አንብበን በርበሬ የጠቀለልንበትን መጽሔት እርሳቸው ለታሪክ ማስረጃ አደረጉት። ዛሬ አንድ የሃያ ዓመት ወጣት የአባቱ ትውልድ ምን ይጽፍ፣ በምን ይከራከር እንደነበር ለማወቅ ቢነሳ የእነዚያን መጽሔቶች ሙሉ ጥራዝ ከየት ያመጣል? አሳታሚዎቻችን ስንቶቹ ናቸው ቅጂውን ለወመዘክር ለማስገባት የሚጨነቁት? የመጀመሪያው ወሕይ ስለ ማንበብ መሆኑን በየመድረኩ መናገር እንወዳለን። መድረኩ ሲበተን ግን መጽሐፉን ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያደርስ አይገኝም።

ወደ ኋላ ዘወር ብንል አያቶቻችን ከእኛ የተሻለ ሥርዓት ነበራቸው። ወቅፍ ይባላል። በሐረር በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችንና ኪታቦችን የሚገልጥ ሰው ኪታቡ ለአላህ ብሎ እንደተሰጠ፣ ማን እንደሰጠውና ለማን እንደሰጠው የሚናገር ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ያገኛል። ወቅፍ የሆነ ነገር አይሸጥም፣ አይወረስም። በወቅፍና በዛሬው የመጽሐፍ ልገሳ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉልኝ። ወቅፍ አድራጊው የሚሰጠው የተረፈውን ሳይሆን የሚወደውን ነው፤ አንዳንዴም አስጽፎ፣ ለጸሐፊው ከፍሎ። መጽሐፉን ማን እንደሚያነበውም አስቀድሞ አስቦበታል። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1870 በካይሮ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታቸውን ሲያቋቁሙ በየመስጊዱና በየመድረሳው ከተበተኑት እንዲህ ዓይነት ኪታቦች ብዙውን ሰብስበው ነው የጀመሩት።

የእኛስ? በሐረር አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ብዙ የእጅ ጽሑፎችን ሰብስበዋል፤ የተበላሸውን ኪታብ መጠገንና መጠረዝም ይዘዋል። እዚሁ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች ስብስብ አለው። የስብስቡን ዝርዝር አሌሳንድሮ ጎሪና ባልደረቦቻቸው አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ታተመ። ሥራው ከባድና የሚመሰገን ነው፤ ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ ነው። የእነዚህን ኪታቦች ዓይነት ከአባቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የቀራ የወሎ ደረሳ፣ ኪታቡ በስንተኛ ቁጥር እንደሚገኝ የሚያውቅበት የአማርኛ ወረቀት ያስፈልገዋል። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛን፣ ዐጀሚ የምንለውን፣ ለምሳሌ የሼኽ ጦልሃ ጀዕፈርን ዓይነት መንዙማ ከእርሱ የተሻለ ማን ሊያነበው ነው? ዝርዝሩ ሳይደርሰው ቀርቶ በሩን የማያንኳኳው ሰው፣ ከሚያንኳኩት ሁሉ የበለጠ ለስብስቡ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል።

የምንጠይቀው ነገር ትልቅ አይደለም። በወር አንዴ አንድ ገጽ ወረቀት ይውጣ፤ «በዚህ ወር የገቡ» ይበል። የመጽሐፉ ርዕስ፣ ደራሲው፣ ስለምን እንደሆነ ሁለት መስመር፣ መደርደሪያው የት እንደሆነ። ይህ ወረቀት በስልክም ይተላለፍ፣ በየወረዳው የወጣት ማዕከልም ይለጠፍ፣ አትላስ ካፌ በር ላይም ይሰቀል። የቀበሌ መታወቂያና መጠነኛ ማስያዣ ይዞ ለመጣ ሰው ሁለት መጽሐፍ ለሁለት ሳምንት ይዋስ። «ይጠፋብናል» የሚሉ ይኖራሉ። አዎን፣ ጥቂት ይጠፋል። መደርደሪያ ላይ ሳይነካ አቧራ የለበሰውን መጽሐፍ ግን እንዳልጠፋ ቆጥሮ መዝገብ ላይ ማስፈር ራሱን የቻለ ማታለል ነው። ደግሞም ግዢ ሲኖር ከአከፋፋይ ጋር ብቻ አትነጋገሩ፤ አዟሪዎቹንም ጠርታችሁ ሻይ ጋብዙአቸውና አንባቢ ምን ብሎ እንደሚጠይቃቸው፣ የትኛውን መጽሐፍ አጥተው ደንበኛ በባዶ እጅ እንደመለሱ አስነግሯቸው።

በእኛ በኩል ደግሞ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ አሳታሚዎች፣ ተርጓሚዎችና የመጽሔት አዘጋጆች፣ ከሚቀጥለው እትማችሁ ላይ ለወመዘክርና ለአብርሆት የሚሰጠውን ቅጂ ከማተሚያ ቤቱ በር ላይ ለይታችሁ ያዙ። ቤታቸው ውስጥ በካርቶን የተቀመጠ የቆየ ቢላል ወይም ሂጅራ ያላቸውም በበርበሬ ከመጠቅለሉ በፊት ቁጥሩን ቢያዩት ጥሩ ነው፤ ጥራዙ የሚጎድለው በዚያች አንዲት ቁጥር ሊሆን ይችላል።