ምርመራ ስላገኘው የሳንባ ካንሰር፤ ቍጥርና ጂን

ሰው ሕመም ሳይሰማው በምርመራ የተገኘበት የሳንባ ካንሰር ሁሉ ገዳይ ነውን? ስለዚህ ጥያቄ በ2014 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የታተመው ጥናት ብዙ ተጠቅሷል፤ የተመዘነው ግን ጥቂት ነው።

የጥናቱ መሠረት ከ2002 እስከ 2004 ድረስ 53,454 ብዙ ያጨሱ ሰዎች የተመዘገቡበት ታላቅ ፈተና ነው። እኩሌቶቹ በአነስተኛ ጨረር ሲቲ ስካን፥ እኩሌቶቹ በተራ የደረት ራጅ ተመረመሩ። በ2011 በወጣው ውጤት በሲቲ ወገን በሳንባ ካንሰር የሚሞተው በ20 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ እኛም አንክደውም።

የ2014ቱ ጸሐፊዎች በሲቲ ወገን 1,089፥ በራጅ ወገን 969 ካንሰር መቈጠሩን አዩ። ትርፉን 120 በምርመራ ለተገኙት 649 ቢያካፍሉት 18.5 በመቶ ሆነ፤ እነዚህም ባይገኙ ኖሮ ሰውየውን ሳይጎዱ ይቀሩ ይሆናል አሉ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ጊዜው ግን አጭር ነበር። በዝግታ የሚያድግ ዕጢ በራጅ ወገን እስኪገለጥ ዓመታት ይፈጃልና። በእርግጥም በ2019 በታተመው ረዘም ያለ ክትትል ቍጥሩ 1,701 እና 1,681 ሆነ፤ ትርፉም ወደ 20 ወረደ።

ሁለተኛው ጉድለት ግን በጊዜ ርዝመት አይታረምም። ቍጥር ስንቶቹ እንደሆኑ እንጂ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ሐኪሙ ፊት የተቀመጠው ሰው የሚጠይቀው ስለ መቶኛ ሳይሆን፥ «የእኔ ሳንባ ይቈረጥ ወይስ ይቅር?» ብሎ ነው። መልሱ ከራሱ ከዕጢው ጂን መፈለግ አለበት።

በ2017 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከ100 በሽተኞች ዕጢ ከብዙ ስፍራ ቈርጠው ጂኑን አነበቡ። የክሮሞዞሙ ብዛት ከስፍራ ስፍራ የሚለያይባቸው በሽተኞች በሽታው ሊመለስባቸው ወይም ሊሞቱ የበለጠ የተቃረቡ ሆነው ተገኙ። የኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ጂን ለውጥ ግን ገና ባልተስፋፉ ዕጢዎችም ስለሚታይ፥ ብቻውን ገዳዩን ከእንቅልፋሙ አይለይም።

ጥናቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ሁለት ነገር ግን ይቀረዋል። የመረጣቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን እንጂ በምርመራ የተገኙትን ለይቶ አይደለም። ከዚህም በላይ የብዙ ስፍራ ናሙና የሚገኘው ከቢላዋው በኋላ ሲሆን፥ በሽተኛው ግን መልሱን የሚሻው ከቢላዋው በፊት ነው። መርፌ ደግሞ ከዕጢው ጥቂቱን ብቻ ይነካል።

ስለዚህ የምርመራ ፈተና የሚያቋቁሙ ሁሉ ናሙናውን ከመጀመሪያው ይጠብቁ፤ ሰውየውንም ለብዙ ዓመት ይከታተሉ። ያለዚያ ማን እንደዳነና ማን በከንቱ እንደተቈረጠ ለይተን ሳናውቅ እንቀራለን።